ፊልም አፉን የፈታበት ዘመን

አል ጆልሰን ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ለእናቱ ይዘፍንላታል። መሀል ላይ ዘፈኑን ገታ አድርጎ ወሬ ይጀምራል፤ ከተሳካለት ከዚህ ሰፈር አውጥቶ የተሻለ ቦታ እንደሚያኖራት፣ ሮዝ ቀሚስ እንደሚገዛላት፣ መዝናኛ ስፍራ ይዟት እንደሚሄድ ይነግራታል። ይህን ሁሉ ሲያወራ ጣቶቹ ከፒያኖው አይነሱም። እናቲቱ እፍረት እየያዛት አንዳንድ ቃል ጣል ታደርጋለች። በዚህ ቅጽበት አባት ይገባል። በምኩራብ የሚያዜም ሰው ነው፤ ልጁ የአባቶቹን ዜማ ትቶ የመድረክ ዘፋኝ መሆኑ ያንገበግበዋል። «አቁም!» ይላል። ከዚያች አንዲት ቃል በኋላ ፊልሙ መልሶ ዝም ይላል። ከንፈሮች ይንቀሳቀሳሉ፤ የተባለው ነገር ግን በጽሑፍ ይነበባል እንጂ አይሰማም። የሚሰማው ሙዚቃው ብቻ ነው።

ፊልሙ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ይባላል። ኦክቶበር 6 ቀን 1927 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድምፅ አልባውን ፊልም በአንድ ምሽት የገደለ እየተባለ ይወሳል። ነገር ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሚፈጀው ፊልም ውስጥ ንግግር የሚሰማበት ጊዜ ቢደማመር ሁለት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ዘፈን፣ የኦርኬስትራ ሙዚቃና በምስል መሀል የሚገባ ጽሑፍ ነው። ታሪኩ ሲወሳ ሌላም የሚዘለል ነገር አለ፤ ጆልሰን በፊልሙ መጨረሻ የሚዘፍነው ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ፣ ጥቁር መስሎ ነው። አዲስ ዘመን ከፈተ የሚባለው ፊልም አሮጌውን የመድረክ ውርደት ይዞ ነው የገባው።

ከ1926 እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ የተካሄደውን ለውጥ የሚያወሱ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ደጋግሜ የማገኘው ታሪክ ይህን ይመስላል፤ ፊልም ገና ከጅምሩ ጎዶሎ ነበር፣ ሳይንስ ሲረቅ ጎዶሎው ሞላ፣ ድምፃቸው የማያምር ኮከቦች ወደቁ፣ ሕዝቡም ደስ አለው። እኔ በዚህ አልስማማም። ድምፅ ሲመጣ ድምፅ አልባው ፊልም በራሱ የበሰለ፣ ሙሉ ጥበብ ነበር። ድምፅ ያንን አንስቶ በቦታው ሌላ ጥበብ ተከለ፤ አዲሱም በእግሩ እስኪቆም ዓመታት ፈጀ። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ በአብዛኛው ማንም ያላማከራቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ጉዳዩ የጻፉ ታሪክ ጸሐፊዎችም ባለፉት አምሳና ስልሳ ዓመታት ያንን ቀላል ታሪክ ከየአቅጣጫው ሲያፍረከርኩት ቆይተዋል። ኬቨን ብራውንሎው በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ የድምፅ አልባውን ዘመን ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ አነጋግሮ፣ ሥራቸው ምን ያህል የረቀቀ እንደነበር አሳየ። ዳግላስ ጎመሪ የኩባንያዎቹን ውልና ሒሳብ መርምሮ ለውጡ የድንገት ሳይሆን የታቀደ የንግድ እርምጃ እንደነበር ተከራከረ። ዶናልድ ክራፍተን በ1997 የተመልካቹንና የጋዜጦችን ምላሽ ተከታትሎ፣ ሰዉ እንደሚባለው ባንድ ልብ እንዳልተቀበለው አመለከተ። ሪክ አልትማን ደግሞ የአዳራሾቹን ድምፅ ራሱን አጠና፤ አንዱ ቤት ሙሉ ኦርኬስትራ ሲኖረው ሌላው አንድ ፒያኖ ብቻ እንደነበረው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ምንም ሙዚቃ ሳይኖር የታዩ ፊልሞች እንደነበሩ ጻፈ። እነዚህ ሥራዎች አንድ ላይ ሲነበቡ ጥያቄው ይቀየራል፤ «ድምፅ እንዴት ተፈለሰፈ?» ከማለት ይልቅ «ለምን ያን ጊዜ? በማን ውሳኔ?» ማለት ግድ ይሆናል።

ፍልሰፋው ራሱ አሮጌ ነው። የቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ በ1890ዎቹ አጋማሽ ምስልና ድምፅ ለማጋባት ሞክሯል፤ በ1913 እንደገና ሞከረ። ፈረንሳይ ውስጥ ሌዎን ጎሞን ከ1902 ጀምሮ የሸክላ ማጫወቻን ከፕሮጀክተር ጋር አያይዞ ሲያሳይ ነበር። ሁሉም ሁለት ችግር ላይ ተሰናከሉ። አንደኛው ድምፁንና የከንፈሩን እንቅስቃሴ ማግጠም ነው። ሁለተኛውና የከበደው ድምፁን ሺህ ሰው ለያዘ አዳራሽ ማድረስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግራሞፎን የሚሰማው በቀንዱ በኩል ብቻ ነውና።

መፍትሔው የመጣው ከፊልም ሰዎች አይደለም፤ ከስልክ ነው። ሊ ዲ ፎረስት በ1906 የሠራውን የቫኪዩም ቱቦ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ገዝቶ አሻሻለው፤ ዓላማው ድምፅ አህጉር አቋርጦ ሳይደክም እንዲደርስ ነበር። ሩቅ ላለ ሰው ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ ለአዳራሽም ያጎላል። ራዲዮም፣ በኤሌክትሪክ የሚቀዳ ሸክላም፣ ባለ ድምፅ ፊልምም ከዚሁ ቱቦ ነው የተወለዱት። ስለዚህ የ1920ዎቹ አጋማሽ ዝም ብሎ የተገኘ ጊዜ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ሦስት መሐንዲሶች በ1922 በርሊን ላይ ድምፁ በራሱ በፊልሙ ጠርዝ የታተመ ፊልም አሳይተዋል። ዲ ፎረስትም በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አቅርቦ ነበር። ቴክኒኩ ነበር፤ የጠፋው ገንዘቡን የሚደፍር ሰው ነው።

ደፋሮቹ የዋርነር ወንድማማቾች ሆኑ። በኪሳራ አፋፍ ላይ ስለነበሩ የሞት ሽረት ቁማር ተጫወቱ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ጎመሪ ይህን አይቀበልም። ኩባንያው ከዎል ስትሪት ብድር አግኝቶ ለመስፋፋት ዕዳ የገባ፣ ስሌት ያለው ድርጅት ነበር። ስሌቱም ከንግግር ጋር አይያያዝም። ትልቅ ከተማ ያለ ሲኒማ ቤት ኦርኬስትራ መቅጠር ይችላል፤ የገጠር ከተማ አዳራሽ ግን አይችልም። ሙዚቃው ተቀድቶ ከፊልሙ ጋር ቢላክ ትንሹም ቤት የኒው ዮርክን ኦርኬስትራ ያሰማል። ኦገስት 6 ቀን 1926 የታየው «ዶን ዋን» እንዲህ ያለ ነበር፤ ሙዚቃና የሰይፍ ፍጭት ይሰማል፣ ከተዋናዮቹ አንዱም አይናገርም። ድምፁን አጥብቆ የገፋው ከወንድማማቾቹ ሳም ዋርነር ሲሆን፣ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ። ወንድሞቹ በዚያ ዝነኛ ምሽት አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም።

የዋርነሮቹ ዘዴ ቫይታፎን ይባላል። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ፊልም አጫዋቹ ላይ የወደቀው ሸክም ከዚያ ይታያልና። ድምፁ የተቀዳው 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሸክላ ላይ ነው። ሸክላው በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ በዘመኑ ቤት ውስጥ የሚደመጠው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ይዞር ስለነበር፣ ይህኛው ፍጥነት የተመረጠው አንድ የፊልም ጥቅል የሚፈጀውን 11 ደቂቃ እንዲችል ነው። መርፌው ከመሀል ተነስቶ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ሸክላው ላይ መነሻውን የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ፊልሙም ላይ «መጀመሪያ» የሚል አንድ ምስል። አጫዋቹ መርፌውን ከምልክቱ፣ ምስሉን ከመስኮቱ ካላገናኘ ወንዱ በሴት ድምፅ ሊናገር ይችላል። ፊልሙ ቢበጠስና ሁለት ሦስት ምስል ቢጎድል፣ በጎደለው ልክ ጥቁር ፊልም ቆርጦ መቀጠል አለበት፤ አለዚያ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ ይዛነፋል። መርፌ ሸክላውን ስለሚበላውም አንዱ ሸክላ ሃያ ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ሸክላው ላይ በተለጠፈው ወረቀት በተጫወተ ቁጥር ምልክት የሚደረግባቸው ትናንሽ ሳጥኖች ታትመው ነበር። ምስሉም ድምፁም ፍጥነቱን እንዳይለቅ አንድ ቋሚ ልክ አስፈለገ፤ በሴኮንድ 24 ምስል። ቀድሞ ቀራጩ ካሜራውን በእጁ እያዞረ እንደ ትዕይንቱ ስሜት ያፈጥን ያዘገይ ነበር። ያ ነጻነት በድምፅ ምክንያት ቀረ። ቁጥሩ ግን ዛሬም የፊልም መደበኛ ፍጥነት ነው።

ድምፁ በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን የሚታተምበት ዘዴ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነበር፤ ፊልሙ ቢቆረጥ ድምፁም አብሮ ይቆረጣል። ዊልያም ፎክስ ይህን ዘዴ ሙቪቶን ብሎ ይዞ በዜና ፊልም ጀመረ። ሜይ 20 ቀን 1927 ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ሊሻገር ሲነሳ የአውሮፕላኑን ጉርምርምታ ቀድቶ በዚያው ምሽት ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያሳይ፣ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ዋርነሮቹም ትንሽ ቆይተው ሸክላውን ትተው ወደዚሁ ተሻገሩ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ምን ያደርጉ ነበር? እዚህ ላይ ነው የጎመሪ ክርክር የሚያሳምነኝ። ፌብሩዋሪ 1927፣ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ገና ሳይታይ፣ ኤምጂኤምንና ፓራማውንትን ጨምሮ አምስት ድርጅቶች ለአንድ ዓመት ላይንቀሳቀሱ፣ ከዚያም ሁሉም አንድ ዓይነት መሣሪያ ሊመርጡ ተስማሙ። ሜይ 1928 ላይ ዋናዎቹ ከስልክ ኩባንያው ቅርንጫፍ ጋር ተፈራረሙ። በሁለት ወሩ ዋርነር ሙሉ በሙሉ የሚናገረውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ «ላይትስ ኦፍ ኒው ዮርክ»ን አወጣ። ሥነ ጥበቡ ደካማ ነው፤ ተዋናዮቹ ማይክሮፎኑ የተደበቀበት ዕቃ አጠገብ ቆመው ቃል በቃል እየለዩ ይናገራሉ። ወጪው 23 ሺህ ዶላር ብቻ ሆኖ ገቢው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሲኒማ ቤቶች በዕዳ መሣሪያ ተከሉ፤ መትከል ያልቻሉት ትናንሾቹ ዘጉ። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ ዕዳው አንገት ላይ ነበር። ዊልያም ፎክስ ራሱ በ1930 ኩባንያውን ከእጁ አጣ።

አሁን ስቱዲዮ ውስጥ እንግባ። የ1927 እና የ1928 ፊልሞችን ያየ ሰው የጠፋውን ነገር ያውቃል። ሙርናው «ሰንራይዝ» ውስጥ ካሜራውን በረግረጉ ላይ እያንሳፈፈ ገበሬውን ይከተለዋል። ካርል ድሬየር የጆአን ኦፍ አርክን መከራ ከሞላ ጎደል በፊት ገጽታ ብቻ ይተርካል። ኪንግ ቪዶር «ዘ ክራውድ» ውስጥ ካሜራውን በሕንፃው ግድግዳ ላይ አውጥቶ፣ በመስኮት አስገብቶ፣ በመቶ ከሚቆጠሩ ጠረጴዛዎች መሀል አንዱን ሰው ያገኘዋል። በዓመቱ ይህ ሁሉ ቆመ። ካሜራው ሲዞር ስለሚንኳኳ ከነባለሙያው ድምፅ በማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ታሸገ፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ያቃጥል ስለነበር ቀራጩ በየጥቂት ደቂቃው ወጥቶ ይተነፍሳል። ዳይሬክተሩ ትዕይንቱ እየተቀረጸ ማውራት፣ ማበረታታት፣ «ቀስ በል» ማለት ቀረበት። የሚያፏጨው የካርቦን መብራት በሌላ ተተካ። ሥልጣኑ ከካሜራው ወደ ድምፅ መሐንዲሱ አለፈ። ብዙዎቹ መሐንዲሶች ደግሞ ከስልክ ኩባንያ የመጡ፣ ፊልም ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

መፍትሔዎቹ የተገኙት ሥራው ላይ ነው። ዶሮቲ አርዝነር በ1929 «ዘ ዋይልድ ፓርቲ»ን ስትሠራ ተዋናይቷ ክላራ ቦው በማይክሮፎኑ ፍርሃት እንዳትታሰር ማይክሮፎኑን በዘንግ አንጠልጥለው ከላይ እንዲከተሏት አደረገች። ኪንግ ቪዶር «ሃሌሉያ»ን፣ ተዋናዮቹ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበትን ፊልም፣ ቴነሲና አርካንሳስ ሄዶ ያለ ድምፅ ቀረጸና ድምፁን በኋላ ገጠመለት። ሩበን ማሙልያን «አፕሎዝ» ውስጥ እናት ለልጇ ስታንጎራጉር፣ ልጅቱ በዚያው ጊዜ ስትጸልይ በሁለት ማይክሮፎን ለየብቻ ቀድቶ ቀላቀላቸው። ባለሙያዎቹ አይሆንም ብለውት ነበር። ዛሬ ማንኛውም የሰርግ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ልጅ የሚያደርገው የድምፅ ቅንብር ያኔ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ስለ ተዋናዮቹ አሳጥሬ ልለፍ፤ ወሬው ከእውነቱ በዝቷልና። ጆን ጊልበርት ቀጭን ድምፅ ስለነበረው ወደቀ ይባላል። በ1929 «ሂዝ ግሎሪየስ ናይት» ላይ ተመልካች የሳቀው በፍቅር ንግግሩ ነበር፤ በጽሑፍ ቢነበብ የሚያልፍ፣ በሰው አንደበት ሲነገር ግን የሚያሳፍር ንግግር። በ1933 ከግሬታ ጋርቦ ጋር የሠራውን «ክዊን ክርስቲና»ን የሰማ ድምፁ ደህና እንደነበር ይመሰክራል። ጋርቦ እንግሊዝኛዋ የስዊድን ቅላጼ ነበረው፤ ስቱዲዮው ታግሶ በ1930 የስዊድን ተወላጅ የሆነች ሴት ታሪክ የሆነውን «አና ክሪስቲ»ን ሰጣት፣ «ጋርቦ ተናገረች!» ብሎም አስተዋወቀ። አንዱን ያዳነ፣ ሌላውን የጣለ የስቱዲዮው ፍላጎትና እንክብካቤ እንጂ ጉሮሮ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያውን የኦስካር ምርጥ ተዋናይ ሽልማት የወሰደው ኤሚል ያኒንግስ ግን በእርግጥም ቋንቋ አሸነፈው፤ ወደ ጀርመን ተመለሰ።

ከኮከቦቹ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ ሌሎች ናቸው። በአሜሪካ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች በየሲኒማ ቤቱ ይጫወቱ ነበር፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ሥራቸውን አጡ። ማኅበራቸው በጋዜጣ ማስታወቂያ እያወጣ ሕዝቡ ከ«ታሸገ ሙዚቃ» ይልቅ ሕያው ሙዚቀኛ እንዲጠይቅ ቢለምንም ሰሚ አላገኘም። ከሙዚቀኞቹም በላይ በዝምታ የተገፉት መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት ከማንም እኩል ገብተው፣ ከማንም እኩል ስቀውና አልቅሰው የሚወጡበት ቦታ ነበር። መስማት የተሳነው ሠዓሊ ግራንቪል ሬድመንድ የኮሜዲያኑ የቻርሊ ቻፕሊን ወዳጅ ነበር፣ በፊልሞቹም ይታያል። ኤመርሰን ሮሜሮ የተባለ መስማት የተሳነው ተዋናይ በድምፅ አልባዎቹ አጫጭር ኮሜዲዎች ላይ ይሠራ ነበር። ድምፅ ሲገባ የጽሑፉ ካርድ ወጣ፣ እነሱም አብረው ወጡ። ሮሜሮ በ1947 በራሱ ገንዘብ ፊልም እየቆራረጠ ጽሑፍ አስገብቶ ለመሰሎቹ ማከራየት ጀመረ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ለዚህ ሥራ ሕግ ያወጣው በ1958 ነው። ከ«ዘ ጃዝ ሲንገር» ሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለ ዘመኑ ብዙ ተጽፏል፤ ይህ ጉዳይ ግን በአብዛኛው በግርጌ ብቻ የሚታለፍ መሆኑ ያስቆጨኛል።

ድምፅ ያስነሳው ትልቁ ዓለም አቀፍ ጥያቄ ቋንቋ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ድንበር ለመሻገር የሚያስፈልገው የጽሑፍ ካርዶቹን መቀየር ብቻ ነበር። አፍ የፈታ ፊልም ግን የአንድ አገር ሰው ሆነ። ሆሊውድ መጀመሪያ የሞከረው አንዱን ፊልም በየቋንቋው እንደገና መሥራት ነው። ፓራማውንት በ1930 ፓሪስ አጠገብ ዡዋንቪል ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ አንዱን ታሪክ በዚያው መድረክ፣ የአገሩን ተዋናይ እየቀያየረ ቀንና ሌሊት ያስቀርጽ ነበር። ዩኒቨርሳል «ድራኩላ»ን ቀን በእንግሊዝኛ፣ ሌሊት በዚያው ቤትና ደረጃ ላይ በሌላ ቡድን በስፓኒሽ ሠራ፤ ካሜራው ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው የሌሊቱ ላይ ነው። ሎሬልና ሃርዲ የማያውቁትን ቋንቋ ከሰሌዳ ላይ እያነበቡ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛና በጀርመንኛ ተናገሩ። ሰዉ በአነጋገራቸው ይበልጥ ወደዳቸው።

ይህ ሁሉ ውድ ነበርና ብዙም አልቆየም። የቀሩት ሁለት መንገዶች ከስር ትርጉም መጻፍና ድምፁን በአገሩ ሰው ድምፅ መተካት ናቸው። የትኛው አገር የቱን እንደያዘ ገንዘብ ብቻ አልወሰነውም፤ ፖለቲካም ገባበት። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1930 በባዕድ ቋንቋ የሚናገር ፊልም እንዳይታይ ከለከለ፤ የፍራንኮ ስፔን በ1941 ድምፅ መተካትን ግዴታ አደረገች። እኛም አገር ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የተነሳው ክርክር፣ የአገር ውስጥ ባለሙያው ሥጋትና የቤተሰቡ ደስታ ሁለቱም፣ በ1930ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የተነሳው ክርክር ልጅ ነው።

ለሌሎች አገሮች ግን ይኸው የቋንቋ አጥር ጋሻ ሆነላቸው። ሕንድ ውስጥ አርደሺር ኢራኒ ማርች 14 ቀን 1931 «አላም አራ»ን ቦምቤይ ማጀስቲክ ሲኒማ አሳየ። ከስቱዲዮው አጠገብ ባቡር ስለሚያልፍ አብዛኛውን የቀረጸው በሌሊት ነው፤ ሙዚቀኞቹ ከካሜራ ተደብቀው ይጫወቱ ነበር። ሰባት ዘፈን ነበረበት። የሕንድ ፊልም በዘፈን የመተረክ ባህሉን ከዚያ ጀምሮ አልተወም፤ ቋንቋውን ሳያውቅ ዜማውን የሚያንጎራጉር የአዲስ አበባ ተመልካችም ለዚህ ምስክር ነው። ግብፅም በ1932 «አውላድ አል ዘዋት» የተሰኘውን የመጀመሪያ ተናጋሪ ፊልሟን አገኘች፤ በዓመቱ ዘፋኙ ሙሐመድ አብደል ወሃብ በፊልም መጣ፤ የአረብኛ ዘፈንና ሲኒማ ከዚያ በኋላ አልተነጣጠሉም። የአሜሪካ ፊልም ሊሰጥ የማይችለው ነገር ነበርና ሰዉ ተሰለፈ።

ጃፓን ብቻዋን መታየት አለባት። እዚያ ድምፅ አልባውን ፊልም ከመድረኩ ጎን ቆሞ የሚተርክ ቤንሺ የሚባል ባለሙያ ነበር። ሁሉንም ገጸ ባሕርያት በየድምፃቸው ይናገራል፣ ያስረዳል፣ ያስለቅሳል። ሰዉ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ተራኪውን መርጦ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጃፓኖች «ፊልም ይናገር» የሚል ጥማት አልነበራቸውም፤ ይናገርላቸው ነበርና። ያሱጂሮ ኦዙ የመጀመሪያውን ባለ ድምፅ ፊልሙን የሠራው በ1936 ነው። ማዕበሉ ግን ደረሰ። ቤንሺዎቹ አድማ መቱ፣ ተሸነፉ። ከአድማው መሪዎች አንዱ የነበረው ሄይጎ ኩሮሳዋ በ1933 ራሱን አጠፋ። ታናሽ ወንድሙን፣ ኋላ ዝነኛ ዳይሬክተር የሆነውን አኪራን፣ ወደ ውጭ አገር ፊልሞች የመራው እሱ ነበር።

ለመሆኑ አዲሱ ጥበብ መቼ ተወለደ? በእኔ ግምት ንግግር በገባ ጊዜ አይደለም፤ ድምፅ ምስሉን እንደ ጥላ መከተል ባቆመ ጊዜ ነው። የሶቪየት ዳይሬክተሮቹ አይዘንስታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭ በ1928 ባወጡት የጋራ መግለጫ ይህንኑ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል፤ ድምፅ የሚታየውን ነገር ከደገመ ፊልም የተቀረጸ ቲያትር ይሆናል፣ ከምስሉ ጋር ከተሟገተ ግን አዲስ አቅም ያገኛል ብለው። እነሱ በመግለጫ ያሉትን አልፍሬድ ሂችኮክ በ1929 «ብላክሜይል» ላይ በተግባር አሳየ። አሊስ ሊደፍራት የሞከረውን ሰው ሌሊት በቢላ ገድላለች። በነጋታው ከወላጆቿ ጋር ቁርስ ቀርባለች፤ አንዲት ጎረቤት በር ላይ ቆማ ስለ ግድያው ታወራለች። ካሜራው አሊስ ፊት ላይ ይቆያል። የጎረቤቲቱ ወሬ ቀስ በቀስ ይደበዝዝና ጉምጉምታ ይሆናል፤ «ቢላ» የምትለዋ ቃል ብቻ ጥርት ብላ ትወጣለች፣ ትደጋገማለች፣ ትጮኻለች። አባትየው ዳቦ እንድትቆርስ ይጠይቃታል፤ እጇ ቢላውን ይዞ ሲንቀጠቀጥ ይወድቅባታል። ተመልካቹ የሚሰማው ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሳይሆን አሊስ የሰማችውን ነው። ይህን ድምፅ አልባ ፊልም አይችልም፤ ቲያትርም አይችልም። አሊስን የተጫወተችው አኒ ኦንድራ ቅላጼዋ የቼክ ስለነበር ጆአን ባሪ የምትባል ተዋናይት ከካሜራ ውጭ ቆማ ትናገርላት እንደነበር፣ ኦንድራ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ እንደነበር ማወቅ አድናቆቱን ይጨምራል።

ፍሪትዝ ላንግ በ1931 «ኤም» ላይ ገዳዩን በፉጨቱ አሳወቀን፤ የሚያውቀውም ማየት የተሳነው ፊኛ ሻጭ ነው። ረኔ ክሌር በ1930 የፓሪስ ጣራዎችን በዘፈን እያቋረጠ ጠብ በመስታወት በር በስተጀርባ ሲካሄድ ድምፁን ዘጋው፤ ዝምታ የዳይሬክተር ምርጫ የሆነው ድምፅ ከመጣ በኋላ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን ግን አልተናገረም። በ1931 «ሲቲ ላይትስ»ን፣ በ1936 «ሞደርን ታይምስ»ን ከሞላ ጎደል ያለ ንግግር አወጣ፤ ሙዚቃውን ራሱ ደረሰ። ግትርነት ነው ያሉት ነበሩ። እኔ እንደሚገባኝ ግን፣ የሚወክለው ከርታታ ሰው እንግሊዝኛ ከተናገረ የሁሉም አገር ድሃ መሆኑ እንደሚያበቃ ያወቀ አንድ እሱ ብቻ ነበር።

የጠፋውስ? የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያሳተመው የዴቪድ ፒርስ ጥናት፣ በ1912 እና በ1929 መካከል አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው ያሉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። ሰባ በመቶ ገደማው ፈጽሞ የለም። የዘመኑ ፊልም በቀላሉ ይነዳል፣ ሳይነድም ይበሰብሳል። ከእሳቱና ከብስባሴው በፊት ግን ውሳኔ ነበር፤ ከድምፅ በኋላ ስቱዲዮዎቹ አሮጌውን ፊልም ገበያ የሌለው ዕቃ አድርገው ቆጠሩት፣ ውስጡ ላለው ብር ሲሉም ያቀለጡት አለ። «አላም አራ» ራሱ አንድ ቅጂ አልቀረለትም።

የሽግግሩ ዓመታት ፊልሞች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው፤ ምስሉ አንድ ቦታ፣ ሸክላው ሌላ ቦታ ቀርቷል። ከ1991 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሸክላ ሰብሳቢዎች ተሰባስበው የቫይታፎን ሸክላዎችን እያፈላለጉ ከተረፉት ፊልሞች ጋር ማገናኘት ጀምረዋል። በ1929 የተሠራው የኮሊን ሙር «ዋይ ቢ ጉድ?» ምስሉ ሚላኖ ተገኝቶ ከሸክላው ጋር በ2014 ታድሶ ወጥቷል። በዚያው ዓመት የተሠራው «ጎልድ ዲገርስ ኦፍ ብሮድዌይ» ድምፁ ከነዘፈኑ በሸክላ ተርፏል፤ ከምስሉ የተገኘው ግን የመጨረሻው ክፍልና አንዳንድ ቁርጥራጭ ነው፤ የቀረው እስካሁን አልተገኘም።